በደብሊን የከሰዓት በኋላ ሻይ፦ እንግዳዎን ወዴት ይውሰዱ?

በደብሊን የሚኖር ሰው ከአገር ቤት ወይም ከሌላ ከተማ ዘመድ ሲመጣበት፣ ውሎ አድሮ «ያ በሦስት ደረጃ ሳህን ተደርድሮ የሚቀርበው ሻይ የት ነው?» የሚል ጥያቄ መስማቱ አይቀርም። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ እንደ እንግዳው ይለያያል፤ ምክንያቱም በከተማዋ እምብርት፣ በሴንት ስቲቨንስ ግሪን መናፈሻ ዙሪያ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ሩብ ሰዓት በማይፈጅ ርቀት ላይ በዋጋም በመንፈስም እጅግ የሚለያዩ የሻይ ቤቶች ይገኛሉ። እኔ እናቴን፣ አክስቴን፣ የሥራ ባልደረቦቼንና አብሮ አደጎቼን በተለያየ ጊዜ ይዤ ሄጃለሁ። የደረስኩበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ቤቱን ከመምረጥ በፊት የሚጋበዘውን ሰውና የሚጋበዝበትን ቀን ማሰብ ይገባል። የዝናው ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሥርዓቱን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ እንግሊዞች «አፍተርኑን ቲ» የሚሉት ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ የቤድፎርድ መስፍን ባለቤት በነበሩት በአና እንደተጀመረ ይነገራል፤ በምሳና በዘገየው እራት መካከል ያለውን ረጅም ጊዜ ለመሙላት የታሰበ ነበር። በታችኛው ሳህን ጠርዛቸው የተቆረጠ ትናንሽ ሳንዱቾች፣ በመካከለኛው ከማርማላታና ከወፍራም ክሬም ጋር የሚበላው ስኮን የተባለው ትንሽ ዳቦ፣ በላይኛው ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ጉርሻ የሚያልቁ ኬኮች ይቀመጣሉ። አበላሉም ከታች ወደ ላይ ነው። «ሃይ ቲ» የሚባለው ሌላ ነገር ሲሆን፣ ሠራተኛው ሕዝብ ከሥራ ሲመለስ ይበላው የነበረ የምሽት ምግብ ስለሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ሁለቱን ቃላት አለማደበላለቅ ይበጃል።

አሁን ወደ ቀኑ ጉዳይ ልግባ፤ ለኛ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነውና። የደብሊን ሆቴሎች የገና ልዩ ሻይ የሚያቀርቡበት ወቅት ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ አዲሱ ዓመታቸው መባቻ የሚዘልቅ በመሆኑ አብዛኛው ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። በአየርላንድ የእናቶች ቀን የሚከበረውም በእነርሱ ዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ ስለሆነ፣ ልጅ እናቱን ሊጋብዝ በሚፈልግበት በዚያ ቀን እናት ብዙውን ጊዜ ጾም ላይ ናት። በሳህኖቹ ላይ ያለው ደግሞ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ክሬምና ሥጋ ነው። ስለዚህ ጾም የሚጾም እንግዳ ያለው ሰው «ቪጋን» የተባለውን ዝግጅት አስቀድሞ ማዘዝ አለበት፤ ቃሉ ሥጋን ብቻ ሳይሆን ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልንም እንደሚያስቀር አስተናጋጆች ሁሉ ያውቁታል። «ቬጀቴሪያን» ማለት ግን አይበቃም፤ ሥጋው ይቀርና እንቁላሉና ክሬሙ እንዳለ ይመጣል።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው በታኅሣሥ ወር ነበር፤ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆቴል በስልክ ቀጠሮ ያዝኩና ጾመኛ መሆኗን ለተቀበለችኝ ልጅ ነገርኳት። ስንደርስ ግን የተናገርኩት በመዝገባቸው አልሰፈረም፤ ወጥ ቤቱም የሚያቀርብላት ነገር ስላልነበረው የተቆራረጠ ፍራፍሬና ወተት የሌለው ሻይ አመጡላት። እናቴ ፍራፍሬውን በትዕግሥት በልታ፣ «ልጄ፣ አንተ ብላ፤ እኔ ቤቱን ማየቱ በቅቶኛል» አለችኝ። እኔ ግን አንድም ነገር ከጉሮሮዬ አልወረደልኝም። ከዚያ ወዲህ የጾሙን ነገር በኢሜይል ጽፌ፣ መልሱን በጽሑፍ ሳልቀበል ከቤት አልወጣም፤ እርስዎም እንዲሁ እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ ሰዓቱም ልብ ማለት ይጠቅማል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ እንግዳ ካለ፣ በአየርላንድ አቆጣጠር የ3 ሰዓቱ ቀጠሮ ለእኛ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይውላል፤ ከዚህ የተሻለ ግጥምጥም አይገኝም። የሰዓት አቆጣጠሩ ልዩነት ግን ብዙ ሰው ያሳስታልና፣ ለዘመድ ሲናገሩ የትኛውን ሰዓት ማለትዎ እንደሆነ በግልጽ ያስረዱ።

ከምግቡ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በታችኛው ሳህን ላይ ከሚቀርቡት ሳንዱቾች መካከል የአሳማ ሥጋ ያለበት አለመጥፋቱ የተለመደ ነው፤ ጾም ባይሆንም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የኛ ሰው የማይበላው ስለሆነ አስቀድሞ በሌላ እንዲቀየር መጠየቅ ያስፈልጋል። ሙስሊም እንግዳ ካለ ደግሞ የዶሮውና የበሬው ሥጋ ሐላል መሆን አለመሆኑን፣ ለስላሳ ክሬም ያለባቸው ኬኮች ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በሚወጣው በጄላቲን የረጉ መሆናቸውን፣ በመጠጥ የራሰ ኬክ መኖሩንም መጠየቅ ተገቢ ነው። በጭስ የታጠነው የአየርላንድ ሳልመን ዓሣ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም የሚያስማማ ምርጫ ሲሆን፣ በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው ካለ ግን እርሱንም ማስቀረት ይገባል።

ወደ ቤቶቹ ስንመጣ መነሻ የሚሆነው ሼልቦርን ነው። ይህ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1824 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከፊቱ ያለውን መናፈሻ በሰሜን በኩል እያየ ሁለት ምዕተ ዓመት ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1922 የአየርላንድ ነፃ መንግሥት ሕገ መንግሥት የተረቀቀው በዚሁ ሆቴል በ112 ቁጥር ክፍል ውስጥ ነበር። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1916ቱ የፋሲካ ዐመፅ፣ ዐማፅያኑ መናፈሻውን ይዘው ምሽግ ሲቆፍሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ከሆቴሉ መስኮቶች ይተኩሱባቸው ነበር፤ የመናፈሻው ጠባቂ ዳክዬዎቹን እንዲመግብ በየቀኑ ተኩስ ይቆም እንደነበርም የደብሊን ሰው ሁሉ ያወራል። ሻይ የሚቀርብበት ሎርድ ሜየርስ ላውንጅ የተባለው አዳራሽ ወደዚያው መናፈሻ የሚመለከቱ ትላልቅ መስኮቶች አሉት። ፒያኖው፣ አበባው፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው መብራት ሁሉ አንድን በዓል ለማክበር የተዘጋጀ ያስመስለዋል፤ ሰዉም እዚያ የሚሄደው ለልደት፣ ለምረቃ፣ ለጋብቻ መታሰቢያ ነው።

ድክመቱ ከዚሁ ዝናው የሚመነጭ ነው። በቅዳሜና በእሑድ አዳራሹ ሙሉ ሲሆን ጠረጴዛ ለመያዝ ከሳምንታት በፊት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮውም በተወሰነ ሰዓት የሚያልቅ በመሆኑ ተራውን የሚጠብቅ ሌላ እንግዳ አለ። እንደ እኛ ጨዋታ የሚወድ፣ ከሦስተኛው ሲኒ በኋላ ወሬው ገና የሚሞቅለት ሰው ይህ ሊከብደው ይችላል። መስኮት አጠገብ ያሉት ጠረጴዛዎች ጥቂት ስለሆኑም፣ ስለ መናፈሻው ብለው የሚሄዱ ከሆነ ፍላጎትዎን ሲመዘገቡ ይግለጹ።

ከሼልቦርን ብዙም ሳይርቅ፣ በላይኛው ሜሪየን ጎዳና፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት የሚገኘው ሜሪየን ሆቴል ሌላ ዓለም ነው። በ1760ዎቹ፣ ጆርጅ የሚባሉት የእንግሊዝ ነገሥታት በተከታታይ በነገሡበት ዘመን የተሠሩ አራት መኖሪያ ቤቶች ተዋህደው እ.ኤ.አ. በ1997 ሆቴል ሆኑ። ከአራቱ አንዱ የሞርኒንግተን ቤተሰብ መኖሪያ የነበረ ሲሆን፣ ናፖሊዮንን ድል ያደረገው የዌሊንግተን መስፍን በዚያ ቤት እንደተወለደ ይነገራል። ከውጭ ሲያዩት ጡብና በር ብቻ ነው፤ ሆቴል መሆኑን ሳያስተውል አልፎት የሚሄድ አለ። ውስጡ ግን እሳት የሚነድባቸው ሳሎኖች፣ ከጀርባ የሚታይ የአትክልት ስፍራ፣ በግድግዳው ሁሉ ላይ የተሰቀሉ የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አሉ።

የዚህ ቤት ሻይ ከሌሎቹ የሚለየው በእነዚህ ሥዕሎች ነው። ኬክ ሠሪዎቹ ከሆቴሉ ስብስብ ሥዕሎችን መርጠው ቀለማቸውንና ቅርጻቸውን በትናንሽ ኬኮች ያስመስላሉ፤ ከኬኩ ጋር መነሻ የሆነው ሥዕል ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ጽሑፍ አብሮ ይመጣል። በስብስቡ ውስጥ የጃክ በትለር ዬትስና የሉዊ ለ ብሮኪ ሥራዎች ይገኙበታል። እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ በፍስክ ቀን ወደዚያ ወሰድኳት። አስተናጋጁ ሳህኑን ሲያስቀምጥ ኬኩን አልነካችም፤ ጽሑፉን በአንድ እጇ፣ መነጽሯን በሌላው ይዛ፣ ሰማያዊው መሥመር በኬኩ ላይ የት እንደሆነ እስክታገኝ ድረስ ፈለገችው። ከዚያም ተነሥታ ግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎች ፊት እየቆመች ዞረች፤ ማንም ተቀመጪ አላላትም። ሳሎኖቹ ሰፋፊ ስለሆኑና ወንበሮቹ የቤት ወንበር ስለሆኑ ዕድሜ ለገፋ ሰው ይመቻሉ፤ ድምፅም አይበዛባቸውም።

በተጨማሪም ብሔራዊው የሥዕል ቤተ መዘክር ከዚህ ሆቴል በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃል፤ መግቢያውም ነፃ ነው። በውስጡ ካራቫጆ በ1602 የሣለው፣ ይሁዳ ጌታን በመሳም ሲያስይዘው የሚያሳየው ሥዕል አለ፤ ይህ ሥዕል በደብሊን በሊሰን ጎዳና በሚገኘው የኢየሱሳውያን መነኮሳት ቤት የሌላ ሠዓሊ ሥራ እየተባለ ለብዙ ዓመታት ተሰቅሎ ከኖረ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ማንነቱ ታወቀ። ሃይማኖቱን የሚወድ እንግዳ ያለው ሰው ከሻይ በፊት ለዚህ ሥዕል ግማሽ ሰዓት ቢሰጥ አይቆጭም። እናቴ ከፊቱ ቆማ ካማተበች በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳትናገር ቀረች።

ሁለቱን ላነጻጽር። የሁለቱም ዋጋ ለአንድ ሰው ከ50 ዩሮ በላይ ነው፤ ሻምፓኝ ከተጨመረ ይበልጣል፤ ስለዚህ በገንዘብ ረገድ አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ነገር የለም። ፎቶ ለሚወድ፣ ደምቆ ለብሶ ሰው መሐል መቀመጥ ለሚያስደስተው፣ በተለይም ለምረቃና ለልደት ሼልቦርን ይሻላል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተገናኝቶ በጸጥታ መጫወት ለሚፈልግ፣ ለወላጅ፣ ለአዛውንትና ሥዕል ለሚወድ ሜሪየን ይሻላል። እኔ በራሴ ገንዘብ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሳላወላውል ሜሪየንን እመርጣለሁ።

ዌስትበሪ የተባለው ሆቴል ከግራፍተን ጎዳና ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ ይገኛል። ጋለሪ በሚባለው ሳሎኑ የሚቀርበው ሻይ ሥርዓቱን የጠበቀ ነው፤ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ታሪክ የሚነገርለት ቤት አይደለም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ገበያ ሲዞሩ ውለው ዕቃ ተሸክመው እግራቸው ለዛለ ሰዎች ከዚህ የሚቀርብ ቦታ የለም።

ከሆቴሎቹ ሁሉ ለየት የሚለው ቢውሊስ ነው፤ ስለ ሻዩ ስለ ራሱ ከተባለ ደግሞ ቀዳሚው ስፍራ የእርሱ ነው። የቢውሊ ቤተሰብ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን የሆኑ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1835 ከቻይና ካንቶን ወደብ ከ2,000 ሣጥን በላይ ሻይ በቀጥታ ወደ ደብሊን አስመጡ፤ ከዚያ በፊት ሻይ በሙሉ በእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እጅ ያልፍ ነበር። በግራፍተን ጎዳና የሚገኘው ካፌያቸው የተከፈተው በ1927 ሲሆን፣ የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንኻሙን መቃብር በተገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለተሠራ የፊቱ ጌጥ የግብፅን ጥንታዊ ሥራ ይመስላል። በውስጡ የአየርላንዱ የባለቀለም መስታወት ጌታ ሃሪ ክላርክ የሠራቸው ስድስት መስኮቶች አሉ፤ አራቱ የጥንቱን የአምድ አሠራር ዓይነቶች የሚያሳዩ ሲሆን፣ በአምዶቹ ዙሪያ አበባ፣ ወፍና ቢራቢሮ ተሣሥለዋል። ክላርክ ይህን ከሠራ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በ1931 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

እዚህ ባለ ሦስት ደረጃውን ሳህን መጠበቅ ግዴታ አይደለም። አንድ በራድ ሻይና አንድ ስኮን ወይም በቼሪ የሚጋገረውን የቤቱን ዳቦ አዝዞ ከመስኮቶቹ አጠገብ መቀመጥ ይቻላል፤ ሒሳቡም ከሆቴሎቹ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ተማሪ፣ አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው፣ ወይም አራት አምስት ሆነው የሚመጡ ቤተሰቦች ያለ ሐሳብ የሚገቡበት ቤት ይህ ነው። በክረምት ግን ጊዜን መምረጥ ያሻል፤ በታኅሣሥ ወር በደብሊን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ዐሥር ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ መስኮቶቹን በቀን ብርሃን ለማየት ከስምንት ሰዓት በፊት መግባት ይመረጣል። ቤቱ ጫጫታ ይበዛበታል፤ በጸጥታ ለመነጋገር ለሚፈልግ አይሆንም።

ከቢውሊስ በተጨማሪ በዴም ጎዳናና በካውስ ሌን ያለው ኩዊን ኦፍ ታርትስ ኬክ ብቻ ለሚወድ ሰው መልካም ነው። ልጆች ካሉ ደግሞ በአሮጌ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ከተማውን እየዞሩ ሻይ የሚጠጣበት አገልግሎት አለ፤ ሕፃናትን ሆቴል ውስጥ ሁለት ሰዓት ዝም አሰኝቶ ከማስቀመጥ ይህ ይሻላል። መኪና የሚያዞረው ሰው ግን አይሞክረው።

የትኛውም ቤት ቢመረጥ ስለ ሻዩ አንድ ሁለት ነገር ማወቅ እንግዳን ከመደናገር ያድናል። የሚቀርበው ዝርዝር ረጅም ነው፤ ቅርንፉድና ቀረፋ የገባበትን የቤታችንን ሻይ የለመደ ሰው «ኧርል ግሬይ» የተባለውን ሲቀምስ ቤርጋሞት የተባለው ፍሬ ሽታ ሽቶ ሊመስለው ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ እንግዳ አሳም ወይም «አይሪሽ ብሬክፋስት» የሚባለውን ማዘዝ ይሻላል፤ አየርላንዶች ሻይ የሚወዱት ጠንከር አድርገው፣ ወተት ጨምረው በመሆኑ እነዚህ ስኳርም ወተትም ይችላሉ። ቅጠሉ በበራዱ ውስጥ እንዳለ ስለሚመጣ የመጀመሪያው ሲኒ ወርቃማ፣ ሦስተኛው ጥቁርና መራራ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለማቅጠኛ ሙቅ ውኃ መጠየቅ ነው፤ አዲስ በራድ ይምጣልኝ ማለትም ነውር የለውም። ማጥለያውን ሲኒው ላይ አድርጎ መቅዳትና ሲጨርሱ በትንሿ ማስቀመጫ ላይ መመለስ ነው። ለጾመኛ በወተት ፋንታ የአጃ ወተት ይገኛል።

ምግቡን መጨረስ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የተረፈውን በካርቶን አድርገው እንዲሰጡ መጠየቅ የተለመደ ስለሆነ ማንም አያፍርበት፤ ኬኩ ለማግስቱ ቁርስ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ በዚያ ቀን ምሳ አለመብላት ይመረጣል። ልብስን በተመለከተ ክራባት አያስፈልግም፤ ንጹሕና ያማረ ልብስ ይበቃል። የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ የሄደች አክስቴ በሼልቦርን ከሁሉ ይልቅ የተከበረች እንግዳ ነበረች።

ሒሳብ ሲመጣ በኛ ልማድ የጋበዘው ይከፍላል፤ ነገር ግን እንግዳው ወረቀቱን እንዳይነጥቅ አስቀድሞ ከአስተናጋጁ ጋር መስማማት ወይም ሲመዘገቡ መክፈል ይቻላል። የአገልግሎት ክፍያ በሒሳቡ ውስጥ መካተቱን ይመልከቱ፤ ካልተካተተ ከመቶ ዐሥር ያህል ጉርሻ መተው የተለመደ ነው። ወደ ሼልቦርን፣ ወደ ዌስትበሪና ወደ ቢውሊስ ለመሄድ የሉዋስ ባቡር አረንጓዴ መሥመር ሴንት ስቲቨንስ ግሪን ላይ ያወርዳል፤ ወደ ሜሪየን ለሚሄድ ደግሞ በዳርት ባቡር ፒርስ ጣቢያ ወርዶ በእግር መሄድ ይቀላል።

እናቴ ዘንድሮም በኅዳር መጨረሻ ትመጣለች፤ ጾሙ ገብቶ ይቆያታል። ለሜሪየን የጻፍኩት ኢሜይል አጭር ነው፦ ሁለት ሰው፣ ሐሙስ ቀን 3 ሰዓት፣ ሁለቱም ቪጋን፣ የአጃ ወተት፣ ከተቻለ ከእሳቱ አጠገብ።